የእትዬ መጋዘንና የሚያፏጨው ድንጋይ

ምን ትሠሪያለሽ ሲሉኝ «ድንጋይ አስፏጫለሁ» እላለሁ። የሚስቀው ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ዝርዝሩን የሚጠይቀኝ ከተገኘ ደግሞ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ፤ ይህን ነገር ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኝ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ ሶሻሊስት አገር ተልኬ ፊዚክስ ስማር የመመረቂያ ሥራዬ ክሪስታል ላይ ነበር። ከጥፍር የማይሰፋ፣ እንደ መስተዋት የጠራ ስስ ድንጋይ ነው። ገጹ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰለፉ፣ በዓይን የማይለዩ የብረት መስመሮች አሉበት። በአንዱ ማበጠሪያ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የድንጋዩ ቆዳ ይርገበገባል፤ ያ እርግብግቢት ወደ ውስጥ ሳይሰምጥ ገጽ ገጹን ብቻ ሄዶ ሌላኛው ማበጠሪያ ዘንድ ይደርሳል። በቆዳው ላይ ስለሚሄድም ቆዳው ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ፣ እርጥበትም ይሁን ትንፋሽ፣ ያዘገየዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች መዘግየቱን መለካት ይበቃቸው ነበር። እኔ ግን ድንጋዩ በጣም ጥቂቷን እርጥበት እንኳ እንዲሰማ ማድረግ ነበር የምፈልገው።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። አባታችን አንኮበር ላይ ቄስና ብራና ፋቂ ነበሩ። የወጠሩትን ቆዳ ከመፋቃቸው በፊት በጥፍራቸው መታ አድርገው ያዳምጡታል። ጉም የጠጣ ቆዳ ድምፁ ይወፍራል፣ የደረቀው ይቀጥናል። ወፍራም ከሆነ መፋቂያውን አያነሡም፤ ቆዳው ይቀደዳላ። ባሕር ማዶ ተሻግሬ የተማርኩት ያንኑ ቆዳ አሳንሶ መሥራት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ተመርቄ ስመለስ «አገራችን ለጊዜው እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልጋትም» ተባልኩና ደብረ ብርሃን ፊዚክስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ተናደድኩ። ንዴቴን የተወጣሁት ከሰዓት በኋላ የከተማውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን ነው። ሴት ልጅ ቴሌቪዥን ስትፈታ ለማየት የሚመጣው ሰው ከሚያስጠግነው ይበዛ ነበር። ይምጣ፤ ወንበር ግን አልሰጥም ነበር።

አንድ ቀን የተቃጠለ የቀለም ቴሌቪዥን ሆዱን ስከፍት የብረት ክዳን የደፋች ትንሽ ዕቃ አየሁ። ክዳኗን በምላጭ አነሣሁት። ውስጧ የራሴው ድንጋይ ነው! ለካ አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች የሚፈልጉትን ሞገድ ከሌላው የሚያጣሩት በእሱ ኖሯል። አያስፈልግም የተባልኩት ነገር በየሰው ሳሎን ተቀምጦ ዜና ያሳያል። በደስታ ብቻዬን ሳቅሁ።

ድንጋዩን ከማጉያ ጋር አገናኝቼ እንዲጮህ አደረግሁት። ጩኸቱ ለሰው ጆሮ እጅግ የቀጠነ ስለሆነ ከአንድ ተራ የሬዲዮ ሰርኪዩት ጩኸት ጋር አጋጨሁትና የሁለቱን ልዩነት በድምፅ ማጉያ ለቀቅሁት። ቀጭን ፉጨት ወጣ። ድንጋዩ ላይ እፍ ስልበት ፉጨቱ ወፈረ፣ ትንፋሼ ሲደርቅ ተመልሶ ቀጠነ። በአሮጌ ሬዲዮ ሣጥን አስገብቼ በባትሪ ድንጋይ እንዲሠራ አደረግሁትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ለጨዋታ እንጂ ለምን እንደሚጠቅም አላሰብኩም ነበር።

ድርቁ ባለፈ ማግስት ግን የእትዬ ነገር መጣ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ቀድማ ስላለፈች ያሳደገችኝ እሷ ነች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንኮበር የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ኃላፊ ሆና ትሠራ ነበር። መጋዘኑ ከአንድ ባላባት የተወረሰ የድንጋይ ቤት ነው። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራው ስለምትዞር፣ ስትስቅም ስትቆጣም እጇ እዚያው ነው። እንደ እሷ ንጹሕ ሴት አላውቅም። መጋዘኑን ሰው የሚኖርበት ቤት ይመስል በየበዓሉ ራሷ በጭቃ ትመርገዋለች፣ በእበት ትለቀልቀዋለች።

ቤቱ እስከዚያ ዓመት ዶማና አካፋ ነበር የሚቀመጥበት። በዚያ ታኅሣሥ ግን ለበልግ የሚዘራ የገብስ ዘር በመኪና መጣና ጆንያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላው። ሰዉ በድርቁ ዘሩን ሁሉ በልቶ ጨርሷል፤ ዓይኑ ያለው እዚያ ገብስ ላይ ነው። ሊከፋፈል ሲል በጓሮው በኩል ካለው ግድግዳ ሥር የተደረደሩት ጆንያዎች ተከፈቱ። ገሚሱ ሻግቷል፣ ገሚሱ በቅሏል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጣራውን አስፈተሸ፤ ቆርቆሮው ደህና ነው። ወለሉ በድንጋይ ከፍ ያለ ነው። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። በቃ፣ ውኃውን የጨመረችው እትዬ ናት አለ፤ ዘሩን ሰርቃ ሸጣ፣ የጎደለው እንዳይታወቅባት የቀረውን በውኃ አክብዳዋለች። በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት «ሌባ» አላት። «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ብሎም ጨመረበት፤ ይህ ቃል በዚያ ጊዜ ሰው የሚያስበላ ቃል ነው። ቁልፉን ከአንገቷ ሲመነጭቀው ማተቧ አብሮ ተበጠሰ። ከወረዳ አጣሪ ኮሚቴ እስኪመጣ ከቤቷ እንዳትርቅ ታዘዘች። ኮሚቴው ሌላ ምክንያት ካላገኘ እስር ቤት ትላካለች።

ወሬውን ስሰማ ሬዲዮ ሣጥኔን በነጠላ ጠቅልዬ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። እትዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እጇ ባዶ አንገቷን ይዳብሳል።

«አንድ ፍሬ አንሥቼ ከሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እትዬ፣ እኔ መቼ ጠየቅሁሽ?»

«ውኃው ከየት መጣ ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! ቤቱን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት። ከግድግዳው ነጭ ነገር ብቅ ሲል እንኳ አላሳድረውም፤ ወዲያው በጭቃ እመርግበታለሁ።»

ነጭ ነገር ያለችውን ሻጋታ መስሎኝ አለፍኩት።

«ውኃው ከየት እንደመጣ ድንጋዬ ይነግረናል» አልኳት፤ ሣጥኑን እያሳየሁ።

ሣጥኑን አየች፣ እኔን አየች። «ጉድ ፈላ! እኔ ልታሰር፣ አንቺ ልታብጂ! አባባ ይህን ሳያዩ ማረፋቸው ደግ ነው።»

ሳቀች። መጋዘኑ ከተዘጋባት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ስጠይቀው ሊቀመንበሩ ጆንያው ወጥቶ ባዶ የቀረውን መጋዘን ራሱ ከፍቶ በሩ ላይ ቆመ። «በሬዲዮ ነው እንግዲህ እህል የሚመረመረው?» እያለ አብረውት የቆሙትን ያስቃል። ጠዋት ነበርና ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ወጥቶ ቤቱን ሁሉ ሞልቶታል፤ ፉጨቱ የትም ብሄድ ወፍራም ነው። ጉሙ እስኪገለጥ እኩለ ቀን ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ብሄድ ፉጨቱ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ ይላል። ፀሐይ ሲነካው ይለወጣል፣ እጄ ሲነካው ይለወጣል። ከግድግዳው እርጥበት ይልቅ የእጄን ሙቀት ነው የሚሰማው።

«ሙዚቃው ካለቀ ልዝጋው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ደሜ ፈላ። ሆኖም ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ድንጋዬ አልዋሸም፤ ጆሮው ነው የከበደ። የድንጋይ ጆሮ መጥረግ ደግሞ የተማርኩበት ሙያ ነው። «ዝጋው» አልኩት። «ቁልፉንም አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጥ።» እሱ ስላቅ መሰለው።

ኮሚቴው የሚመጣው የትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነው ስለተባለ ጊዜ ነበረኝ። ደብረ ብርሃን ተመልሼ በሬን ለተመልካች ዘጋሁ።

መጀመሪያ ሙቀቱን ማስወገድ ነበረብኝ። ተራውን የሬዲዮ ሰርኪዩት ጣልኩትና በቦታው ሌላ ድንጋይ፣ የመጀመሪያውን መንታ፣ ለማስገባት አሰብኩ። አንድ የሆቴል ባለቤት አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የተበላሹ ቴሌቪዥኖች ነበሩት። ከሁለቱ አንዱን አስነሣልሃለሁ፣ ውዳቂው የእኔ ነው ብዬ ተስማማሁ። አዲሱን ድንጋይ ከነክዳኑ ተውኩትና ሁለቱን በአንድ የመዳብ ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ሙቀት ሲመጣ ሁለቱም እኩል ስለሚዘገዩ ልዩነታቸው አይነካም። እርጥበት ሲመጣ ግን የሚዘገየው ክዳን የሌለው ብቻ ነው። ሣጥኑን ምድጃ አጠገብ አቆየሁት፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይም አወጣሁት፤ ፉጨቱ ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ነገር ከበደ። ራቁት ድንጋይ እንደ መስተዋት ነው፣ እርጥበት ብዙ አይይዝም። እርጥበት የሚጠጣ ስስ ቆዳ ማልበስ ነበረብኝ። የተማርኩበት ቤተ ሙከራ ቢሆን መደርደሪያ ሙሉ ኬሚካል አለ። እኔ ያለኝ የወረቀት ሙጫ ነው። ቀባሁት፤ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። ሌላም ሞከርኩ፣ እሱም አልሆነም። በሦስተኛው መሣሪያዬን ወርውሬ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁልጊዜ የእጄ ነገር አይነጥፍም እያልኩ እመካ ነበር፤ ያን ቀን ግን እትዬን ከነባዶ አንገቷ እያሰብኩ ፈራሁ።

ፍርሃቱ ብዙ አልቆየም። ጉም የሚጠጣ ነገር ምን አለ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ ለካ ያደግሁት ከእሱው ጋር ነው። አባባን ያን ያህል ሲያስመርራቸው የነበረው ብራናው ጉም መጠጣቱ አይደለም እንዴ! የአባባ የብራና ፍቅፋቂ በከረጢት ሆኖ እትዬ ዘንድ ተሰቅሏል፤ ምንም ነገራቸውን አትጥልም። በመጣ ሰው ላክሁባትና ደረሰኝ። በጣሳ ቀቀልኩት። ቀልጦ እንደ ሙጫ ሲያጣብቅ በመርፌ ጫፍ አንሥቼ ድንጋዩ ላይ ጠብ አደረግሁ። ፉጨቱ ጥርቅም ብሎ ጠፋ። በዝቶበት ነው፤ ሞገዱ ጭቃ የገባ በቅሎ ሆነ። በሞቀ ውኃ አጥቤ አቀጠንኩት፤ አሁንም በዛ።

በብሩሽ የማይቀጥነውን በማሽከርከር ማቅጠን እንደሚቻል አውቃለሁ። የሚሽከረከር ነገር ስፈልግ ገበያ ላይ የተሰበረ ቬንትሌተር አገኘሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቬንትሌተር የገዛው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፤ ብቻ ዕድሜ ይስጠው። ክንፎቹን ነቅዬ ድንጋዩን መሐሉ ላይ ለጠፍኩና አንዲት ጠብታ ጣል አድርጌ አሽከረከርኩት። ትርፉ ተፈናጥሮ ሄዶ ዓይን የማያየው ስስ ነገር ቀረ። ሲደርቅ ቦታው መልሼ ባትሪውን አገናኘሁ።

ቀጭን፣ የጠራ ፉጨት ወጣ። ጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ስተነፍስ ወፈረ፤ ፊቴን ዞር ሳደርግ ቀጠነ። እልል አልኩ። ጎረቤቴ ማን አገባ ብላ መጣች።

ኮሚቴው የመጣ ቀን አንኮበር ቀድሜ ደርሼ ነበር። ሰብሳቢው ከወረዳ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነው። አብረውት ከአልዩ አምባ የመጡ ሸበቶ ሙስሊም ነጋዴ በሽማግሌነት ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ አለ። ደጁን ሰው ሞልቶታል። እትዬ አዲስ ጥቁር ማተብ አስራ በሩ ጥግ ቆመች።

ጉሙ ተገልጦ ቤቱ እስኪደርቅ አስጠበቅኋቸው። ከዚያ ባለሙያውን ጣቱን በውኃ ነክሮ ወደ ሣጥኑ እንዲያስጠጋ ጠየቅሁት። ሲያስጠጋ ፉጨቱ ወፈረ፣ ሲያርቅ ቀጠነ። «ውኃ ሲሸተው ድምፁ ይወፍራል። ሌላ ነገር የለውም» አልኩና በመንገድ በኩል ካለው ግድግዳ ጀመርኩ። ቀጭን። የግራው ቀጭን። የቀኙም እንደዚያው። ወደ ጓሮው ግድግዳ ስቀርብ ፉጨቱ መውረድ ጀመረ፤ ጥጉ ላይ ስደርስ እንደ ንብ እምምም አለ። ደጅ የነበረው ሰው ወደ በሩ ተጋፋ።

ባለሙያው ግድግዳውን ዳሰሰ። «ደረቅ ነው እኮ።»

«ለእጅዎ ነው። እንኩ፣ ራስዎ ይዙሩ።»

ሣጥኑን ተቀብሎ ዞረ፤ ተመልሶ ደግሞ ዞረ። ድንጋዩ እዚያው ጥግ ላይ እምምም ይላል።

«ይሄ ምን ያረጋግጣል?» አለ ሊቀመንበሩ። «ራሷ ውኃ ረጭታበት ቢሆንስ?»

ይህን እንዲል ነበር ስጠብቅ የከረምኩት። «ቁልፉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ማን ዘንድ ነው?» አልኩ።

ደጅ አንድ ሰው ሳቀ። ባለሙያው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ፤ ሊቀመንበሩም ኪሱን ዳሰሰ።

ቢላ ተቀብዬ ጥጉን መፋቅ ጀመርኩ። የእትዬ ምርጊት ተደራርቧል፤ የእንቁጣጣሹ በፋሲካው ላይ፣ የፋሲካው በገናው ላይ። ከሥር ድንጋዩ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል።

«ያ ነጭ ነገር!» አለች እትዬ ከበሩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ምን ይለኛል ሳልል ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን ላስኩት። ጨው ነው፤ ጥርት ያለ ጨው። ቀና ስል ሁሉም አፍጥጠውብኛል። «ቅመሱት» አልኳቸው።

ሽማግሌው ተነሡ። በምላሳቸው ነክተው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ወላሂ አሞሌ ነው! አላህ ይዘንላቸውና አባቴ ከአፋር በግመል የመጣውን ከአልዩ አምባ በበቅሎ እየጫኑ እዚህ ቤት ያራግፉ ነበር። የባላባቱ የጨው ግምጃ ቤት እኮ ነው። ጥጉ እስከ ጣራው አሞሌ ነበር፣ ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ባለሙያው ላሰና ሳቁ አመለጠው። ደጅ ከቆሙት ሁለት ሦስቱ ገብተው ላሱ። ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ሆነ። ጨው የጠገበ ድንጋይ ጠዋት ጉሙን ይጠጣል፤ ቀን አየሩ ሲደርቅ የጠጣውን መልሶ ያልበዋል። ጆንያ ካላስጠጉበት ማንንም አይጎዳም። በዚያ ዓመት ተጠጋበት። ነጩን ያየ ሰው ቢኖር ወዲያው ያውቅ ነበር፤ ግን የእትዬ ጽዳት ማን ያሳየዋል!

«እኔው ነኛ» አለች እትዬ ደረቷን መታ አድርጋ። «ምስክሬን በገዛ እጄ ስመርገው ኖሬያለሁ!» ሳቅና ዕንባ አንድ ላይ መጣባት፤ የእኔም ዕንባ መጣ፣ አልደበቅሁትም።

ባለሙያው ጉዳዩ ተዘግቷል አለ። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ዓይኗን ሳያይ ዘረጋላት። «በይ እንግዲህ ያዢ። ሥራሽን ቀጥዪ።»

እትዬ እጇን ከማተቧ ላይ አላነሣችም።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ረጋ ብላ፣ «ሌባ ያሉኝ በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት ነው። ቁልፉን እቀበላለሁ። መጀመሪያ ግን እርስዎም ይቅመሱት።»

ሊቀመንበሩ ባለሙያውን አየ፤ ባለሙያው ጣራውን ያያል። ሽማግሌው ጺማቸውን ያፍተለትላሉ። ደጅ ያለው ሰው በሩን ሞልቶ አንገቱን አስግጓል። ማንም አላዳነውም። ሄዶ ጣቱን ወደ ግድግዳው ሲልክ «እንደነሱ፣ በምላስዎ» አለችው እትዬ።

ጎንበስ አለ። ሣጥኔን ጥጉ አጠገብ እንደበራ ትቼው ነበርና ትንፋሹ ሲደርሰው ድንጋዬ እምምም አለ።

«ምንድነው?» አለች እትዬ።

«ጨው» አለ፤ በለሆሳስ።

«ደጅ ላሉት አልተሰማም።»

«ጨው ነው!» አለ ሊቀመንበሩ ጮክ ብሎ።

እትዬ ያን ጊዜ ቁልፉን ተቀበለችና ከማተቧ ጋር አሰረችው።